ለኡበር የሃይድሮጅን መኪና ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «ሎስ አንጀለስ ነኝ። የሃይድሮጅን መኪና በትልቅ ቅናሽ፣ ከ15,000 ዶላር የነዳጅ ካርድ ጋር አግኝቻለሁ። ለኡበር ያዋጣኛል?» ብለሃል። እኔ እዚሁ ከተማ ለዚሁ ሥራ ነድቻታለሁ። መኪናዋን አላማም፤ ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፣ ተሳፋሪ ይወዳታል። ጉዱ ያለው ከመኪናዋ ጋር በሚሰጥህ፣ ሃይድሮጅን ጋዝ በምትቀዳበት ካርድ ላይ ነው።

1. ካርዱን በዶላር ሳይሆን በኪሎ አስበው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 60 ማይል ገደማ ያስኬዳል። ኪሎው 16 ዶላር ሳለ 15,000 ዶላር 56,000 ማይል ያስኬድ ነበር። 36 ዶላር ሲገባ ያው ካርድ 25,000 ማይል ላይ አለቀ። ቀን ከሌት ለሚነዳ ሰው ይሄ ዓመት አይሞላም! ከዚያ በኋላ በየማይሉ 60 ሳንቲም ከኪስህ ነው። ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና) የሚነዳው ጓደኛህ ቤንዚን በጋሎን 5 ዶላር ቢሆን እንኳ 10 ሳንቲም ነው የሚያወጣው።

2. «ድጎማ አለው፣ ዋጋው ይወርዳል» ሲሉህ ድጎማው ለማን እንደሆነ ጠይቅ። እኔን ሻጩ «መንግሥት በኪሎ 3 ዶላር ሊሰጥ ነው» ብሎ ነው ያስፈረመኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ 3 ዶላሩን የሚሰጠው ለአምራቹ ነው። ያውም አንዱን ኪሎ ሲያመርት የሚለቀው ካርቦን ከ0.45 ኪሎ በታች ከሆነ ብቻ። ጋዙን ማጓጓዝ፣ እስከ 700 ባር (ከአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ) ማመቅ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዝ ሌላ ወጪ ነው። ቅዝቃዜውን በዓይኔ አይቻለሁ። የመቅጃው አፍ በረዶ ሠርቶ መኪናዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል። ጣቢያዎቹን ደጉሞ ያቆያቸው የካሊፎርኒያ የካርቦን ክሬዲት ነበር፤ ንጹሕ ነዳጅ የሚያቀርብ አግኝቶ ለበካይ ነዳጅ ሻጮች የሚሸጠው ማለት ነው። በ2020 አንዱ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ2024 ከ80 በታች ወረደ። ጉድለቱ እኛ ላይ ወደቀ። የነዳጅ ኩባንያው ሼልም በዚያው ዓመት የመኪና ጣቢያዎቹን እዚህ ዘጋ። ይሄን ይዤ ሻጩ ቢሮ ብመለስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ያ በፈገግታ ቡና የጋበዘኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

የ3 ዶላሩም ነገር ቢሆን በ2025 በወጣ ሕግ ዕድሜው አጥሯል። ከ2028 በፊት ግንባታ ያልጀመረ ፋብሪካ አያገኘውም። ስለዚህ ርካሽ ሃይድሮጅን በቅርቡ ይመጣል ብለህ አትፈርም። አንድ ወዳጄ ብዕር አንስቶ ሳለ ይህንኑ ሂሳብ በስልክ ሠርቼለት ተመልሷል፤ ዛሬም ያመሰግነኛል።

የግድ ከፈለግሃት ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበል። ቤትህ አጠገብ ሁለት የሚሠሩ ጣቢያዎች መኖራቸውንም ራስህ ሄደህ እይ።