ጨረሩ መቼ አለቀ?

ጅማ ላይ የራዲዮሎጂ ትምህርት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ታክሞ ያበቃ የጭንቅላት ዕጢ ኤምአርአይ ማንበብ ከመጀመሪያው ምርመራ ይከብዳል። መጀመሪያ የምትፈልጉት ጤነኛ አንጎል ውስጥ የበቀለ ነገር ነው። ከሕክምናው በኋላ ግን አንጎሉ ራሱ ሌላ ሆኗል፤ ቢላዋ ነክቶታል፣ ጨረር አግኝቶታል። ጋዶሊኒየም የሚባለውን ምስል አጉሊ መድኃኒት (ኮንትራስት) የምንሰጠው የደም ሥሩ ግድግዳ በፈረሰበት በኩል ሾልኮ ቲ-ዋን በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ እንዲያበራልን ነው። ግድግዳውን ዕጢም ያፈርሰዋል፣ ጨረርም ያፈርሰዋል። ፊልሙ ላይ የምታዩት መፍረሱን እንጂ ማን እንዳፈረሰው አይደለም።

ይህን የተማርኩት ሰው በድዬ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ካንሰር የተገኘበት አንድ ቡና ገበሬ ነበር። ያኔ በአገሪቱ ጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር አዲስ አበባ ሰንብቶ፣ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሶ፣ ጨረሩን ቴሞዞሎማይድ ከሚባለው ኬሞ ጋር ወስዶ ተመለሰ። ሐምሌ ላይ ኤምአርአይ ተነሣና ፊልሙ እኔ ዘንድ መጣ። ሪፈር ወረቀቱ «ጨረር የጨረሰው በ9ኛው ወር» ይላል። ፊልሙ ላይ የታተመው ቀን በፈረንጅ ነውና ወረቀቱንም በፈረንጅ አነበብኩት፤ ሴፕቴምበር። አሥር ወር ሆኖታል አልኩ። ዕጢው የወጣበትን ጉድጓድ የከበበው ብሩህ ቀለበት ከበፊቱ ወፍሯል። «ዕጢው አገርሽቷል» ብዬ ፈረምኩ።

ሐኪሙ የጻፈው ግን ግንቦትን ነበር። ጨረሩ ካለቀ ገና 7 ሳምንቱ።

ቤተሰቡ ሪፖርቱን ሰምቶ ወደ ቤት ወሰደው። ኬሞው ተቋረጠ። መሬቱን ለልጆቹ አከፋፈለ። ኅዳር ላይ፣ ጣቶቹ በቡና ለቀማ ጠቁረው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ሊያስጽፍ በእግሩ መጣ። ደንግጬ እንደገና ኤምአርአይ እንዲነሣ አደረግኩ። ቀለበቱ ሳስቶ በግማሽ ቀንሷል። የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ብቻውን ብርሃኑን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ እሱ ግን ዴክሳሜታዞኑን ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ያየሁት ጨረሩ የቀሰቀሰውን ሐሰተኛ እድገት እንጂ ዕጢውን አልነበረም። ዕጢው በእርግጥ ያገረሸው ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰውየው አራት ወር ሞቱን ሲጠብቅ ኖረ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት አስታማሚውን «ጨረሩ መቼ አለቀ?» በሉት። ቁጥር ላይነግራችሁ ይችላል፤ «ለመስቀል ዋዜማ»፣ «ከአረፋ በኋላ» ይላችኋል። እኔ ይህን ከወረቀቱ ይበልጥ አምነዋለሁ። አረፋ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ዓመቱንም ጠይቁ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሳምንታቱን ቁጠሩ። በፈረንጆች 2010 የወጣው፣ የአንጎል ዕጢ ለሕክምና የሰጠውን ምላሽ የሚመዝነው የራኖ መስፈርት፣ ጨረር ካለቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 12 ሳምንታት ዕጢው አድጓል ለማለት አዲሱ ብርሃን በአብዛኛው ከጨረሩ ክልል ውጭ መሆን አለበት፣ አለዚያም በናሙና መረጋገጥ አለበት ይላል። ጊዜው አለፈ ብላችሁም አትዘናጉ፤ የጨረር ኔክሮሲስ (ጨረር ሥጋውን መግደሉ) ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

ፐርፊውዥን (የደም ፍሰቱን የሚለካ ኤምአርአይ) ከተሠራ ተጠቀሙበት። ያገረሸ ዕጢ አዳዲስ የደም ሥር ስለሚያበጅ የደሙ መጠን ከፍ ይላል፤ በጨረር በሞተው ሥጋ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ቦታ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ከኮንትራስት በፊት የተነሣውን ቲ-ዋን ሳታዩ ደግሞ የበኋላውን አትመኑ፤ ሰንበት ያለ ደም ያለ ኮንትራስትም ያበራል።

ባለፈው ሳምንት ከአጋሮ አንዲት ልጅ የአባቷን ፊልሞች በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ። በየሦስት ወሩ የተነሡ አራት ኤምአርአዮች፣ በቀናቸው ተደርድረዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሪፖርቶች «ከባለፈው ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከባለፈው ጋር ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንደኛውንና አራተኛውን መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ስሰቅላቸው ግን ልጅቷ ራሷ በጣቷ አሳየችኝ። በየጊዜው ሁለት ሚሊሜትር እያለ የሚያድግ ዕጢ እንዲህ ነው የሚያመልጠን። ከጨረር በኋላ የተነሣውን የመጀመሪያውን ፊልም ሳታገኙ አትፈርሙ። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በ48 ሰዓት ውስጥ የተነሣ ካለ እሱንም አስፈልጉ፤ ከዚያ ወዲህ ቁስሉ ራሱ ማብራት ስለሚጀምር የተረፈውን ዕጢ ከቁስሉ መለየት ያስቸግራል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይደገም» ብላችሁ ጻፉ፤ ምክንያቱንም አስፍሩ። ይህቺን ቃል ግን መሸሸጊያ አታድርጓት። ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ሌላ ኤምአርአይ ማለት በሬ መሸጥ ሊሆን ይችላል። አሮጌዎቹን ፊልሞች አይታችሁ፣ ቀኑን ቆጥራችሁ፣ አካሚውን ሐኪም ደውላችሁ ጠይቃችሁ ካልተፈታ ብቻ ጻፏት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ። የከበዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የድሮዎቹን ፊልሞችም አትርሱ።