በራስ መተማመን ትዕቢት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ፋሲል ግንብ አካባቢ የሀገር ባህል ልብስ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። ቱሪስት ሲጠፋ ሥራው ቀዘቀዘ። ኪራይ መክፈል ሲያቅተኝ ዘጋሁት። በዚያው ሰሞን እጮኛዬም ተለየኝ። አሁን ሰው ፊት መቅረብ ያስፈራኛል። ጓደኞቼ «ትችያለሽ፣ በራስሽ ተማመኚ» ይሉኛል። አንድ የማከብራቸው አባት ደግሞ «በራስ መተማመን ትዕቢት ነው» አሉኝ። የቱ ነው ልክ? እየጾምኩ እየጸለይኩስ ለምን እንዲህ ተሰበርኩ? ሱቄ ከሰፋልኝ ለቁስቋም ማርያም ጥላ አስገባለሁ ብዬም ተስዬ ነበር። አሁን ዕዳ ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከስብራትሽ ልጀምር፤ ከሁሉ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል።

ማዘንሽ እምነትሽ ማነሱን አያሳይም። ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ንግሥት ኤልዛቤልን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ምክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዪ፣ ተኚ። በኀዘን ላይ ሆነሽ ከዐቅምሽ በላይ የሆነ ጾምና ስግደት ለራስሽ አትጫኚ፤ መጠኑን የንስሐ አባትሽ ይወስኑልሽ። እንቅልፍ ፈጽሞ ከራቀሽ ወይም ሞት ሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ለቅርብ ሰው ንገሪና ሐኪም ቤት ሂጂ። ጸበሉንም አትተዪ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሐኪም ማየት ክህደት የሚመስላቸው ምእመናን ዛሬም አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። እኚያ አባት የፈሩልሽ ነገር እውነት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ «ወደዚያች ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን» የሚሉትን ገሥጿል። የገሠጻቸው ግን ስለ ነገዱ አይደለም። «ጌታ ቢፈቅድ» ማለትን ስለ ረሱ ነው። ትዕቢት ያለ እግዚአብሔር እችላለሁ ማለት ነው። «እኔ ምንም አልረባም» ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትሕትና መስሎን እንሳሳታለን። በወንጌሉ ምሳሌ ከጌታው አንድ መክሊት (ገንዘብ) የተቀበለው ሰው ትዕቢተኛ አልነበረም። «ፈራሁ» ነው ያለው። ፈርቶም ቀበረው። ጌታ የወቀሰው እሱን ነው። አንቺ ልብስ መጥለፍ፣ ደንበኛ መያዝ፣ ሒሳብ ማወቅ ተሰጥቶሻል። ሱቁ ተዘጋ እንጂ እነዚህ አልተወሰዱብሽም።

ታዲያ ክርስቲያን በራሱ የሚተማመነው እንዴት ነው? ዳዊትን እይው። ጎልያድን ልግጠም ሲል ሳኦል «አትችልም» አለው። ዳዊት በደፈናው «እችላለሁ» አላለም። በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ ጋር እንደ ታገለ ተናገረ። ቀጥሎ «ከአንበሳና ከድብ እጅ ያስጣለኝ እግዚአብሔር ከዚህ ፍልስጥኤማዊ እጅ ያስጥለኛል» አለ። የታገለው በገዛ እጁ ነው፤ ያስጣለው ግን እግዚአብሔር ነው። ሁለቱን አልለያያቸውም። ሳኦል ያለበሰውንም ጥሩር (የጦር ልብስ) አወለቀ፤ አልለመደውም ነበርና። ጓደኞችሽ የሚሉሽ ቃል ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አያቆምሽም። ያለፍሽውን አስታውሺ። ሱቁን ስትከፍቺ ገንዘቡን እንዴት አገኘሽ? ያኔስ ማን ረዳሽ? እነዚህን በደብተር ጻፊያቸው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ካደረስሽ በኋላ አንብቢያቸው። መዝሙረኛው «ነፍሴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ባርኪ፣ ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ» ይላል። ለገዛ ነፍሱ ነው የሚናገረው። አንቺም ለነፍስሽ ንገሪያት።

ይኸው ዳዊት ከዓመታት በኋላ ወደሚኖርባት ከተማ ወደ ጺቅላግ ሲመለስ አማሌቃውያን አቃጥለዋት አገኛት። የእሱ ሚስቶች፣ የሰዎቹም ሚስቶችና ልጆች ተማርከዋል። ሰዎቹ ለማልቀስ ኃይል እስኪያጡ አለቀሱ። ጭራሽ እሱን ሊወግሩት ተነጋገሩ። ጎንደሬ ይህን ሲሰማ በ1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ያቃጠላቸውን አብያተ ክርስቲያናት ማሰቡ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ብዙዎቹ ግን አመድ ሆኑ። ዳዊት መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ በአምላኩ በረታ። ከዚያ ካህኑን አብያታርን ጠርቶ «ልከተላቸው ወይ?» ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ። የተነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺም ገና በልቅሶው ላይ ከሆንሽ አትቸኩዪ።

ከዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ግን መጨረሻውን ነው። ከ600ው ሰው 200ው ደክመው ወንዝ ዳር ቀሩ። ሌሎቹ ምርኮውን አስመልሰው ሲመጡ አንዳንዶች «ለእነዚህ አንሰጥም» አሉ። ዳዊት እንቢ አለ። ዕቃ ጠባቂውም ከተዋጊው እኩል ይካፈል ብሎ ሥርዓት አደረገው። የደከመ ሰው በእግዚአብሔር ሕዝብ መካከል ድርሻው አይቀነስበትም። ሰው «ሱቅሽስ? እጮኛሽስ?» ይለኛል ብለሽ ከቅዳሴ አትቅሪ። የሚጠይቅሽ ካለ «ለጊዜው አልሆነም» በዪና እለፊ።

ብርታት በአንድ ሌሊት አይመጣም። በአታ አጠገብ ካደርሽ የአብነት ተማሪ ሲቀጽል፣ ትምህርቱን በቃሉ ሲደጋግም ትሰሚያለሽ። ቀን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል። ማታ የኔታ ፊት ይቀርባል። ከሳተ «እንደገና» ይባላል። እንደገና ይላል። ማንም ሰነፍ ነህ ብሎ አያሰናብተውም። አንቺም በትንሹ ጀምሪ። ሱቅ ባይኖርሽም ቤትሽ ሆነሽ ትእዛዝ እየተቀበልሽ መጥለፍ ትችያለሽ። የጥምቀት ልብስ የሚያሰፋ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። ብድር ከመውሰድሽ በፊት ግን የሚያውቅ ሰው አማክሪ።

ስለ ስእለቱ፣ የተሳልሽው «ሱቄ ከሰፋልኝ» ብለሽ ነው። ሱቁ አልሰፋም። ስለዚህ እንደ ዕዳ ቆጥረሽ አትጨነቂ። እመቤታችን ቀማኛ አበዳሪ አይደለችም። ለንስሐ አባትሽ ግን ንገሪያቸው፤ ነገሩን እሳቸው ይቋጩልሻል። ኅዳር 6 የቁስቋም ክብረ በዓሏ ሲደርስ ባዶ እጄን ነኝ ብለሽ አትቅሪ። ወጥተሽ አስቀድሺ። ጧፍ ከቻልሽ ያዢ፤ ካልቻልሽም እንዲሁ ሂጂ።