መልስ፦ እንደመጣልኝ መጻፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይረዳል?

«የመመረቂያ ጽሑፌን መግቢያ ልጀምር ስል ቃል ይጠፋብኛል፤ መጀመሪያ እንደመጣልኝ ብጽፍ ይረዳኛል?» ላልከው፣ በደንብ ይረዳሃል። ሰዓትህን ለ10 ደቂቃ ሙላና ሳታቋርጥ ጻፍ። አትሰርዝ፣ ፊደል አታርም፤ ሐሳብ ሲነጥፍ «ምን እንደምል አላውቅም» እያልክም ቢሆን ቀጥል። ምንጭ ፍለጋም አትነሣ፤ በቅንፍ «እዚህ ማስረጃ ይግባ» ብለህ እለፍ። ይህን አማካሪህ አያየውም።

ሲያበቃ አንብበው። አብዛኛው ገለባ ነው፤ ግን «እኔን ያልገባኝ…» ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። የጥናትህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። እሱን አዲስ ገጽ አናት ላይ ገልብጠህ ሌላ 10 ደቂቃ ጻፍ። የአካዳሚ ቋንቋውና የጥቅስ ሥርዓቱ በእርማት ጊዜ ይደርሳሉ። ብቻ የሰው ጽሑፍ ከፊትህ ዘርግተህ አትጻፍ፤ የትኛው ቃል ያንተ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ ኋላ መለየት ያስቸግራል።