ግማሹ ሺቫ፣ ግማሹ ቪሽኑ፦ ስለ ሂንዱ ጥምር አማልክት ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ሂንዱ ጥምር አማልክት ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። ለተደጋገሙት እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ ሁለት አምላክ በአንድ አካል የሚቀረጸው የተጣሉ ተከታዮችን ለማስታረቅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ሃሪሃራ የሚባለው ጥምር አምላክ ቀኙ ሺቫ፣ ግራው ቪሽኑ ነው። ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ሳንካራንኮቪል በምትባል ከተማ እንዲህ ይተረካል። ሁለት የእባብ ነገሥታት፣ አንዱ ለሺቫ፣ ሌላው ለቪሽኑ ወግነው «የእኔ ይበልጣል» እያሉ ይሟገታሉ። ለፍርድ ወደ ሺቫ ሚስት ይሄዳሉ። እሷም ሁለቱን ባንድነት ለማየት ሱባኤ ትገባለች። በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ ሆነው ይገለጡላታል። ይህ መገለጥ እዚያው በየዓመቱ በበዓል ይከበራል።

ግን ነገሩን የሽምግልና ዘዴ ብቻ ማድረግ አማኙን መበደል ነው። ስካንዳ ኡፓኒሻድ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ ጽሑፍ «የሺቫ ልብ ቪሽኑ፣ የቪሽኑም ልብ ሺቫ ነው» ይላል። ለሚያምነው ሰው ሁለቱ ኋላ የታረቁ ሳይሆኑ ቀድሞም ያልተለያዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሃሪሃራን ሐውልት በምን እለየዋለሁ?

ከራሱ ጀምር። በሺቫ በኩል የተገመደ ፀጉር፣ በቪሽኑ በኩል ረጅም ዘውድ ታያለህ። ቀጥሎ እጆቹን እይ። ሺቫ ባለሦስት ጫፍ ጦር ወይም መጥረቢያ፣ ቪሽኑ ደግሞ የባሕር ዛጎል ይይዛል። ልብ በል፣ ቀኝና ግራ የምንለው የሐውልቱን ነው። ፊት ለፊት ስትቆም ይገለበጥብሃል።

ጥያቄ፦ ግማሽ ወንድ፣ ግማሽ ሴት የሆነውስ?

አርድሃናሪሽቫራ ይባላል፤ ሺቫና ሚስቱ ፓርቫቲ ናቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ብሪንጊ የሚባል ባሕታዊ ሺቫን ብቻ እየዞረ ያመልክ ነበር፣ እሷን ግን ይዘላታል። ከባሏ አካል ጋር ብትዋሐድም አልተመለሰም። ጥንዚዛ ሆኖ መሐል ለመሐል ሰርስሮ በሺቫ ግማሽ ብቻ ዞረ! ፓርቫቲም ተቆጥታ ከእናት የሚገኘውን ሥጋና ደም ነሣችው። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ መቆም ሲያቅተው ሺቫ ሦስተኛ እግር ሰጠው። በሕንድ ካርናታካ ግዛት ውስጥ ባዳሚ በሚባለው ቦታ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በተፈለፈለው የመጀመሪያው ዋሻ፣ ብሪንጊ አጽም ብቻ ሆኖ ከሺቫ ጎን ተቀርጿል። ሃሪሃራም እዚያው ዋሻ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ትሪሙርቲ ማለት እንደኛ ሥላሴ ነው?

አይደለም። ትሪሙርቲ ፈጣሪው ብራህማ፣ ጠባቂው ቪሽኑና አጥፊው ሺቫ ናቸው፤ ሥራቸው የተከፋፈለ ነው። የኛ ሥላሴ ግን በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ስለሆነ ሥራውም አይከፋፈልም። ሙምባይ አጠገብ ኤሌፋንታ ደሴት ላይ ያለውን 6 ሜትር ገደማ የሚሆን ባለሦስት ፊት ሐውልት ብዙ ሰው ትሪሙርቲ ይለዋል። ሦስቱም ፊቶች ግን የሺቫ ናቸው። ሦስቱን አማልክት ባንድ አካል ማየት የፈለገ ዳታትሬያ የሚባለውን አምላክ ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ሴቷ አምላክ ዱርጋስ ጥምር ናት?

በአመጣጧ አዎ። ዴቪ ማሃትምያ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ ጽሑፍ እንደሚለው፣ አማልክቱ ማሂሻ የተባለውን የጎሽ ጋኔን መቋቋም ሲያቅታቸው ከየአካላቸው ብርሃን ወጥቶ አንዲት ሴት ሆነ። ፊቷ ከሺቫ፣ ፀጉሯ ከሞት አምላክ ከያማ፣ ክንዶቿ ከቪሽኑ ብርሃን ተገኙ። መሣሪያም ሁሉም አዋጡላት። ሲሳል ግን እንደ ሃሪሃራ መሐሏ ላይ መስመር የለም።

ጥያቄ፦ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽስ?

እሱ ሰውና እንስሳ እንጂ ሁለት አምላክ አይደለም። አንበሳ ፊቱ ናራሲምሃም እንደዚሁ፤ ብቻውን የቪሽኑ መገለጫ ነው።