ለደሴ የሕክምና ተማሪዎች፦ ከአይጡ በፊት ጥያቄው

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ሕመምተኛው ሰው ሆኖ ሳለ የአይጥ ኩላሊት ለምን እንማራለን?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ነው የቀሰቀሰችው።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ፊቱና እግሩ ያበጠ ልጇን ከኩታበር ይዛ መጣች። ሽንቱን በቴስት ቱብ አድርጌ የላይኛውን ክፍል ብቻ እሳት ላይ አሞቅሁት። «ታችኛው ማመሳከሪያ ይሁንህ» ብለው ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሙከራ ምን እንደሆነ ከመምህሮቼ ይልቅ ከእሳቸው ነው የተማርሁት። የሞቀው ደፈረሰ፤ አሴቲክ አሲድ ጠብ ባደርግበትም አልጠራ አለ፤ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ረጋ። ታችኛው ጥርት እንዳለ ነው።

«ይሄ ሁሉ ከልጄ ገላ ነው?» አለች።

«ፕሮቲን ነው፣ አብሽሪ። ኩላሊት ወንፊት ነው፤ አሳልፎት ነው» አልኋት።

«ቢቀደድማ ደም ባየን። ሳይቀደድ እንዴት አሳለፈው፣ ዶክተር?»

ዝም አልሁ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ጀመርንለት፤ እብጠቱ አልጎደለም። ከኩላሊቱ ናሙና ወስዶ የሚያይልን አልነበረም። ይዛው ተመለሰች፤ ዳግም አላየኋቸውም። ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ምርምር አለመግባቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ዌርንና ሪቻርድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በቀጭን ፒፔት (የመስታወት ቱቦ) ከእንቁራሪት ኩላሊት ማጣሪያ ፈሳሽ ቀዱ፤ ስኳር አለው፣ ፕሮቲን የለውም። ጤነኛ ማጣሪያ ፕሮቲን ይይዛል ማለት ነው። ፒውሮማይሲን አሚኖኑክሊዮሳይድ የተባለ ኩላሊት ጎጂ ኬሚካል የተወጋ አይጥ ደግሞ ለእናትየው መልስ አለው፦ ማጣሪያውን የሚሸፍኑት የፖዶሳይት ሴሎች እግር ይጠፈጠፋል፣ ፕሮቲን ይፈሳል፣ ደም ግን አይታይም።

የዛሬ ልጆች መልስ ከስልካችሁ ታወጣላችሁ፤ ጥያቄ ላይ ግን አትቆዩም። ኔፍሪን የተባለው የማጣሪያው ፕሮቲን እኮ እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው ከታመሙ የፊንላንድ ሕፃናት ነው፤ ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች የመጡት በኋላ ነው። ስለዚህ አልጋው ዘንድ ቁሙ እላለሁ፤ ቅድም እንስሳውን ሳወድስ የነበርሁት እኔው ነኝ፣ ሁለቱንም ከልቤ ነው።

አንድ ዘር አይጥ ብቻ አትመኑ። አድሪያማይሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ባልብ-ሲ የሚባለውን ነጭ የአይጥ ዘር ኩላሊት ሲያበላሽ ሲ57 የሚባለው ጥቁሩ ዘር በአብዛኛው ይቋቋመዋል። በሳህን ከሴል ያደገ ትንሽ የኩላሊት አምሳያ (ኦርጋኖይድ)ም ደም አይዘዋወርበትም፤ ግፊት ከሌለ ማጣራት የለም። ጥያቄያችሁ የግፊት ከሆነ ሙኒክ ዊስታር የሚባለውን አይጥ ምረጡ፤ ግሎሜሩለሱ፣ ማለትም ማጣሪያው፣ ከኩላሊቱ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ግፊቱ በፒፔት በቀጥታ ይለካል።