ስለ ቅጂ መብትና ስለ መናገር ነጻነት ለጠየቃችሁኝ

አሜሪካ ውስጥ በቅጂ መብትና በመናገር ነጻነት ጉዳዮች ላይ የምከራከር ጠበቃ ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን መርጬ እነሆ። መልሶቹ ሁሉ ስለ አሜሪካ ሕግ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሥራህ ቀኑን ሙሉ ችሎት መቆም ነው?

አይደለም። አብዛኛው ጉዳይ ጁሪ (ፍርድ የሚሰጡ ተራ ዜጎች) ፊት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል፣ ወይም ዳኛው በጽሑፍ ክርክር ብቻ ይዘጋዋል። ውሎዬ ማንበብና መጻፍ ነው። ዲፖዚሽንም አለ፦ ምስክሩን ቢሮ ውስጥ አስምለን እንጠይቀዋለን፣ እያንዳንዷ ቃል ትመዘገባለች። ብዙ ክርክር የሚረታው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ አንድ ዘፈን ስተች 20 ሴኮንድ አስገባሁ። ባለቤቱ አመለከተና ቪዲዮዬ ወረደ። ከ30 ሴኮንድ በታች ይፈቀዳል ይባል የለ እንዴ?

ይባላል እንጂ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ፍርድ ቤት አራት ነገር ያያል፦ ለምን ተጠቀምሽበት፣ ሥራው ምን ዓይነት ነው፣ ምን ያህሉን ወሰድሽ፣ የባለቤቱን ገበያ ጎዳሽበት ወይ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 አንድ የራፕ ቡድን የታወቀ ዘፈን አስመስሎ ባፌዘበት ጉዳይ፣ ገንዘብ የተገኘበት መሆኑ ብቻ ጥፋት አያደርገውም ብሏል። ለትችት መጥቀስ ደግሞ ሕጉ ራሱ የሚያነሳው ዓላማ ነው።

ካውንተር ኖቲስ፣ ማለትም «ቪዲዮዬ የወረደው በስህተት ነው» የሚል መቃወሚያ፣ ለዩቲዩብ መላክ ትችያለሽ እህቴ። ባለቤቱ ካልከሰሰ ቪዲዮሽ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ግን ልብ በይ፦ ስምሽና አድራሻሽ ላመለከተብሽ ሰው ይደርሰዋል፣ በሐሰት ከፈረምሽም ያስጠይቃል። የሚያስፈራሽ ሰው ካለ ከመላክሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ።

የቅጂ መብት የአርቲስቱን እንጀራ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው። ተቺን አፍ ለማዘጋት ሲውል ሳይ ያንገበግበኛል። በ2015 በካሊፎርኒያ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሕፃን ስለሚጨፍርበት የ29 ሴኮንድ ቪዲዮ ሲወስን፣ ባለመብቱ «አውርዱልኝ» ከማለቱ በፊት አጠቃቀሙ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ማሰብ አለበት ብሏል።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ያወጣሁትን ዘፈን ሰው ወሰደብኝ። ልክሰስ?

በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አስመዝግበኸዋል? መጀመሪያ እዚህ የወጣ ሥራ ካልተመዘገበ ክሱ አይከፈትም። ዘፈኑ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ወይም ከመሰረቁ በፊት ከተመዘገበ፣ ኪሳራህን ባታስረዳም ዳኛው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊወስንልህ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000። የጠበቃ ወጪም ሊጨመርልህ ይችላል። ከዘገየህ ያጣኸውን ወይም የወሰደብህ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅብሃል። ዝነኛ ላልሆነ ድምፃዊ ይሄ ከባድ ነው፣ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ ማግኘትም ይቸግራል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ዘፈን በለቀቅህ ሳምንት አስመዝግብ።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሥልጣን ተችቼው በስም ማጥፋት እከስሃለሁ አለኝ።

ከ1964 ጀምሮ ባለሥልጣን እንዲረታ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅህ ወይም እውነት ይሁን ውሸት ግድ ሳይሰጥህ መናገርህን ማስረዳት አለበት። ከባድ ሸክም ነው። ስለ ተራ ግለሰብ ስታወራ ግን ይህ ጋሻ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ሕግ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ጠበቃ መሆን እችላለሁ?

ትችላለህ። ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ እዚህ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ተምሮ የኒውዮርክን የጠበቆች ፈተና መውሰድ ነው። ለትምህርት ቤት ከመክፈልህ በፊት ግን ዲግሪህን ለኒውዮርኩ ፈታኝ ቦርድ አስገምግም፤ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩም ጠይቅ።