ሕፃኗን በአንቀልባ አዝዬ ሳይክል ልንዳ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ልጄ 9 ወሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዓባይ ማዶ እናቴ ቤት አድርሻት ነው ሥራ የምገባው። የባጃጁ ሒሳብ ደመወዜን ስለጨረሰው በሳይክሌ ላመላልሳት አሰብኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስነዳ ኖሬያለሁ፤ በመንዳቱ አልታማም። ባለቤቴ «በአንቀልባ እዘያትና ሂጂ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ፖርቶመጋላው ላይ የብረት ወንበር አስበይድልሻለሁ ብሏል። አማቴ ሁለቱንም ሲሰሙ አማተቡ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የአማትሽን ስሚ። ለዘላለም አይደለም፤ ልጅሽ ዓመት እስኪሞላት ብቻ።

እኔ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አንገቷ የምነግርሽ የሕፃናት ሐኪሞች የሚሉትን ነው። ስለ ብረቱና ስለ ጎማው ግን የራሴን ነው።

ልጄ ቁጭ ትላለች፣ አንገቷም ጸንቷል ትይኝ ይሆናል። ምንጣፍ ላይ ልክ ነሽ። ኮብልስቶን ላይ ግን ሌላ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ የሚሸከመው አንገት ደግሞ ገና ለጋ ነው። ጎማሽ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያ ጭንቅላት ይናጣል። ሄልሜት ስታደርጊላት ክብደት ጨመርሽባት፤ ካላደረግሽላት ደግሞ ባዶ ጭንቅላቷን ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጨርሶ በሳይክል እንዳይጫን የሚመክረው።

አንቀልባ በእግር ለሚሄድ ሰው ወደር የለውም። ሳይክል ላይ ግን አይሆንም፤ ዓመት ቢሞላትም፣ ሁለት ቢሞላትም አይሆንም። በጎን ብትወድቂ ክብደትሽ በሙሉ እሷ ላይ ነው። ጎንበስ ብለሽ ስትነጂ ደግሞ እሷ ከጀርባሽ ላይ ትወጣና ሚዛንሽን ትወስደዋለች። አንቺ ጎበዝ ነጂ ነሽ፣ አምኜሻለሁ። ባጃጁን የምትነጂው ግን አንቺ አይደለሽም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ወንበር እንምጣ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ብየዳው ነው የሚያሳስበኝ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ በፋብሪካ የተሠራ የልጅ ወንበር አስመጪ፤ አገልግሎት ላይ የዋለም ቢሆን ስንጥቅ እስከሌለው ድረስ ይበቃሻል። በአውሮፓ መለኪያ የኋላ ወንበር ከ9 እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ነው። የፊቱ እስከ 15 ኪሎ ብቻ ነው የሚይዘው። ለአንቺ የኋላው ይሻልሻል፤ ልጅቷ ስታድግም ያገለግልሻል።

የግድ ይበየድ ካላችሁ፣ ወንድምሽ ይህን ለበያጁ ያሳየው። መደገፊያው ከልጅቷ ራስ ከፍ ይበል። ቀበቶው በሁለቱም ትከሻዋ ላይ ይለፍና በእግሮቿ መሐል ይታሰር፤ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ልጅን አይዝም፣ ሹልክ ትላለች። ፊት ለፊቷ የብረት ጥግ አይኑር። ፖርቶመጋላሽ ላይ የሚችለው ክብደት ታትሞ ካገኘሽ ከሱ አትለፊ፤ ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ ይላል። የብረት ወንበር ራሱ ከባድ ስለሆነ ልጅቷ ሳትቀመጥ ግማሹን ሊጨርሰው ይችላል። ፖርቶመጋላውን ከሳይክሉ ጋር የያዙት ብሎኖች ደግሞ ሁልጊዜ ይላላሉ። በየሳምንቱ አጥብቂያቸው።

ከሁሉ በላይ ግን እግሯን ጠብቂልኝ። እኔ ቤት ከሚመጡ ሳይክሎች ውስጥ የኋላ ጎማው ሽቦ የተጣመመውን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ልጁ ደህና ነው?» ብዬ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩን ያወዛውዛል። ጎማው ተረከዙን ይይዝና ከሽቦውና ከሳይክሉ ብረት መሐል ይከተዋል። ቆዳውን ይገፈዋል፣ አንዳንዴም አጥንት ይሰብራል። ለዚህ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሳይክልም ያደርገዋል። ስለዚህ ወንበሩ እግሯ ገብቶ የሚታሰርበት መርገጫ ይኑረው። በዚያ ላይ ጎማውን በሁለቱም በኩል ሸፍኚው። አሮጌ ጀሪካን ቀደሽ በሽቦ ብታስሪው ይሠራል፤ እኔ ለደንበኞቼ የማደርገው ይህንኑ ነው። ጫፉ እንዳይቆርጣት በእሳት አለስልሺው። መቀመጫሽ ሥር ሞላ ካለም በጨርቅ ጠቅልዪው፣ የልጅ ጣት ይቆነጥጣል።

ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ከሳይክል የሚወድቀው ሲነዳ ብቻ አይደለም። ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ነው ብዙ ጉድ የሚመጣው። እናት በአንድ እግር ማቆሚያ ታቆመዋለች፣ ቦርሳዋን ልታነሳ ዞር ትላለች፣ ልጅ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ ከነወንበሩ ይገለበጣል። ማቆሚያውን በሁለት እግር አስቀይሪው። እንዲያም ሆኖ እሷን መጨረሻ ጫኛት፣ መጀመሪያ አውርጃት። ሱቅ በር ላይ «አንዴ ዳቦ ልግዛ» ብለሽ ትተሻት እንዳትገቢ።

ዓመት ሞልቷት ከመጫንሽ በፊት ወንበሩ ላይ 10 ኪሎ ጤፍ እሰሪና ጥቂት ቀን ንጂ። ሳይቀልዱብሽ አይቀርም፣ ይቀልዱ። መሪው ፊት ለፊት እንዴት እንደሚቀልል፣ ስትነሺ እንዴት እንደሚያወላውል፣ ፍሬኑ ዘግይቶ እንደሚይዝ ታይዋለሽ። ነጠላሽን አጣፊው ወይም ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፤ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ሄልሜቱ የሳይክል ይሁን፤ የሞተር ሄልሜት ለልጅ አንገት ከባድ ነው። ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይረፍ፣ አገጯ ሥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። እንቅልፍ ከወሰዳት ውረጂና ግፊው። ጠዋት ደግሞ አንቺ ስለምትረግጪ ይሞቅሻል፣ እሷ ቁጭ ብላ ንፋስ ትበላለች። ደርቢላት።

መንገዱን በተመለከተ ዕድለኛ ነሽ፤ ከተማሽ ሜዳ ነው። ዓባይን ስትሻገሪ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይ ሂጂ፤ ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ መስመር አለው። ከባጃጅና ከመንገዱ ጠርዝ መሐል ግን በፍጹም አትግቢ። ባጃጅ ሰው ካየ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚቆመው። ዝናብ ከሆነ የዚያን ቀን ለባጃጁ ክፈዪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከፍራንክፈርት ነው የምጽፍልዎ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ የራሱን ሳይክል ይነዳል። ባለፈው በእግረኛ መንገድ ከኋላው ስነዳ አንድ ሽማግሌ ጮኹብኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የሽማግሌው። የጀርመን ሕግ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ በእግረኛ መንገድ እንዲነዳ ያዛል። እስከ 10 ዓመቱ ድረስም ይፈቅድለታል። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) 16 ዓመት የሞላው አጃቢም 8 ዓመት ካልሞላው ልጅ ጋር እዚያው መንዳት ይችላል። ከመኪናው መንገድ ተለይቶ የተሠራ የሳይክል መስመር ካለ በሱም መሄድ ትችላላችሁ። ነገር ግን አስፋልት ስትሻገሩ ሁለታችሁም ወርዳችሁ መግፋት አለባችሁ፤ ይህን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። እግረኛም ቅድሚያ አለው። ሽማግሌውን አስደንግጠሻቸው ከሆነ እንኳ ይቅርታ ብትያቸው ምንም አይጎድልብሽ።

ታናሽ ካለው ደግሞ፣ እዚያ አገር ልጅ በወንበር ወይም በሚጎተት ጋሪ የሚጫነው 7 ዓመት እስኪሞላው ነው፤ እግሩ ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ መከላከያ ማድረግም በሕግ የታዘዘ ነው። ጀሪካን ይበቃል አይልም እንጂ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። የ4 ዓመት ልጄ ረዳት ጎማዋን ሳወልቅባት ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ረዳት ጎማ መርገጥን ያስተምራል፣ ሚዛንን አያስተምርም። ሚዛኑ ደግሞ ነው የሚከብደው። ረዳት ጎማውን አውልቀው፤ ፔዳሎቹንም አብረህ አውልቅ። ኮርቻውን ሁለቱም እግሮቿ መሬት በደንብ እስኪረግጡ ዝቅ አድርገው። በእግሯ እየገፋች ትሂድ፣ አንተ ጀርባዋን አትያዝ። እግሯን አንስታ መንሳፈፍ ስትጀምር ፔዳሉን መልስላት። ስታወልቅ የግራው ፔዳል በተቃራኒው፣ ማለትም ወደ ሰዓት አዟዟር አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ ብዙ አባት እሱን በጉልበት እየታገለ ጥርሱን በልቶት ነው እኔ ጋ የሚያመጣው።